ስሜን በትንሿ ጣቱ ያጠፋ ሰው

ሳምሶን ስሜን ከጫኞች ማኅበራችን ኮምፒዩተር አጠፋ። ዓይኔ እያየ አጠፋው። ከዚያም «ይህ ሰው አባል ሆኖ አያውቅም» አለ። በዚህ የተነሣ ጢም ሳላወጣ ጀምሬ ጆንያ ከተሸከምኩበት ግቢ ተባረርኩ። በደሉ ይኸው ነው።

ሳምሶን ባለፈው ሳምንት ሞተ። ለሕክምና አዲስ አበባ ሄዶ እዚያው ቀረ አሉ። ወሬውን የሰማሁት እዚህ ድሬዳዋ፣ ለገሀሬ አጠገብ ሻይ እየጠጣሁ ነው። ያመጣው የባጃጅ ሹፌር ሞተሩን እንኳ ሳያጠፋ «ሳሚ ሞተ! ሳሚ ኮምፒዩተር!» ብሎ ጮኸ። ሻይ ቤቱ ሁሉ ራሱን ያዘ። ክርስቲያኑ «ነፍስ ይማር» አለ፣ እስላሙ «ኢና ሊላህ» አለ። አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ወደ እኔ ዞሮ፣

«ሙሜ፣ አንተስ ምንም አትልም?» አለኝ።

«አላህ ከፈለገ ይማረው» አልኩት። «እኔ አልማርኩትም።»

«አቦ፣ ሙት ወቃሽ አያርግህ!»

«ያርገኝ።»

ለቅሶው ከዚራ ሰፈር፣ ወላጆቹ ቤት ነበር። የከተማው ግማሽ ሄደ። እኔ አልሄድኩም። በቁሙም ቢሆን ነገራችን ካለቀ ወዲህ ሰላም ብዬው አላውቅም፤ ከፊት ለፊት ሲመጣ መንገድ አቋርጥ ነበር። አሁን ግን ሰው ሁሉ ስለ እሱ መልካሙን ብቻ እያወራ ነው። መልካሙ እውነት ነው። ክፉውም እውነት ነው። ክፉውን የሚናገር ከጠፋ እኔ አለሁ።

ሳምሶንን አይቶ የማያውቅ ሰው ይህን ሲሰማ ፊቱ የጠቆረ፣ ሰው የማይቀርበው ክፉ ይመስለዋል። እንዲያ ቢሆን ኖሮ ይቀለኝ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሳቂታ ሰው ነበር። አያቱ ከደጋ ወርደው ምድር ባቡር ሲሠሩ የኖሩ ናቸው፤ እሱም የከዚራ ልጅ ነኝ እያለ ይኩራራል። በሙቀቱ ሁላችን ስንቀልጥ የእሱ ነጭ ሸሚዝ ሁልጊዜ የተተኮሰ ነው። ወንበር ላይ እንደ ሰው አይቀመጥም። ገልብጦ፣ መደገፊያውን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ እንደ ፈረሰኛ ይሳፈርበታል። ሰላምታው «ጀግናዬ» ነው። ሊቀመንበራችንን ሐጂውንም ጀግናዬ፣ ዘበኛውንም ጀግናዬ፣ ሻይ የምታመጣውንም ሴትዮ ጀግናዬ። ድሬ እንደሆነ አንቱ የሚባል ነገር አናውቅም፤ እሱ ግን ከእኛም ይብስ ነበር። ሲስቅ አጠገቡ ያለው ሰው ትከሻ ላይ ይደገፋል። የማያውቁት ሰዎች እንኳ ትከሻቸውን ያስጠጉለታል።

ኮምፒዩተሩን በሶማሊኛ ይሰድበዋል። «ወሪያ! አንተ! ተነሥ!» ይለዋል፣ በሬ እንደሚያስነሣ ገበሬ። ሥራውን የሚሠራው በጥቁሩ መስኮት ነው። ጥቁሩ መስኮት ያልኩት፣ ሥዕል የለውም፣ የሚጫን ነገር የለውም፤ ዝም ብሎ ጥቁር ነው። አንተ ትእዛዝ ትጽፋለህ፣ እሱ መልስ ይጽፍልሃል። ሳምሶን ትእዛዙን ጽፎ ሲጨርስ የመጨረሻዋን ቁልፍ በትንሿ ጣቱ ይመታታል። ጉንዳን ከጠረጴዛ ላይ እንደሚያስፈነጥር ሰው መትቶ እጁን ወደ ላይ ያነሣል። እኛ ከባድ ነገር ስናወርድ «ሆ!» እንላለን። የእሱ «ሆ» ያቺ ጣት ናት።

አንድ ቀን የስንዴ ክምር ተናደና አህመድዬ የሚባለውን ጓደኛችንን እግሩን ሰበረው። እኛ ጆንያውን ከላዩ ስናነሣ ሳምሶን ከቢሮ ሮጦ መጣ። ያንን የተተኮሰ ሸሚዝ አውልቆ ቀደደው፣ የአህመድዬን እግር አሰረበት፣ በካኒቴራ ብቻ ባጃጅ ውስጥ አቅፎት ሄደ። ሐኪም ቤት ደጃፍ ቁጭ ብሎ ዋለ። በማግሥቱ እናቱን ሾርባ አሠርቶ ይዞለት ሄደ። አይቻለሁ፤ አልክድም። እኔም ያን ጊዜ እወደው ነበር። የተወደደ ሰው ሲበድልህ ሁለት ጊዜ ትበደላለህ፤ አንዴ እሱ ይበድልሃል፣ አንዴ ደግሞ እሱን የሚያምነው ሕዝብ ይበድልሃል።

አሁን የግቢውን ሥራ ልንገራችሁ፤ አለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። ግቢያችን እህልና ሲሚንቶ የሚራገፍበት ነው። መኪና ሲገባ ስም ይጠራል። የተጠራ ይሸከማል፣ ያልተጠራ ቆሞ ያያል። ነባር አባል ቀድሞ ይጠራል፣ አዲሱ መጨረሻ ነው። መኪና በቀነሰ ወቅት መጨረሻ ላይ ያለ ሰው ሳይጠራ ይመሻል። ነባሩ ቢጎዳ ማኅበሩ ያሳክመዋል፤ ሲያረጅ ቦታውን ለልጁ ይሰጣል። አባል ያልሆነ ደግሞ የቀን ሠራተኛ ነው፤ ሲፈለግ ይገባል፣ ሳይፈለግ ይወጣል። እንግዲህ ስም ማለት ምን እንደሆነ እወቁት። የማኅበራችን ሊቀመንበር ሐጂ ዩሱፍ ድሮ ሁላችንንም በቃሉ ይጠራ ነበር። ዓይኑ ሲደክም፣ ሰዉም ሲበዛ፣ ኮምፒዩተር ተገዛ። ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ከኮምፒዩተሩ ወረቀት ይወጣል፣ ወረቀቱ ይነበባል።

የመጀመሪያዋ መዝጋቢ ሆዳን ትባላለች፤ ሶማሌ ናት፣ የመጋላ ሰፈር ልጅ። አብዛኛው ሰው ስሙን በፈረንጅ ፊደል አስጻፈ። እኔ ግን «ወረቀት ስጪኝ፣ ራሴ እጽፋለሁ» አልኳት። የጀልዴሳ ኦሮሞ ነኝ። አማርኛን ከጫኞች አፍ ለቀምኩት፤ ፊደሉን ግን የቆጠርኩት ከሸበትኩ በኋላ ነው፣ ከሥራ መልስ፣ ቀበሌ አዳራሽ፣ ጉልበቴ ከማይገባበት አግዳሚ ወንበር ላይ። ከትምህርት ቤቱ ውጭ ለመጀመሪያ ጊዜ የጻፍኩት ያንን ስሜን ነው። ሆዳን አየችው።

«አዴር ሙሜ፣ እጅህ ያምራል» አለችኝ። አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው። የጻፍኩትን እንዳለ በአማርኛ ፊደል አስገባችው። እንደ እኔ በአማርኛ ያስጻፉ ሌሎችም ነበሩ፤ ጥቂት ነን።

ሆዳን ለቅቃ የራሷን ሱቅ ስትከፍት ሳምሶን በቦታዋ ገባ። እሱ አማርኛ የእናቱ ቋንቋ ነው፤ ፊደሉን ግን ይንቃል። በስልክ ሲጻጻፍ እንኳ አማርኛውን በፈረንጅ ፊደል ነው። «የኛ ፊደል ለታክሲ ታፔላ ይሆናል፤ ኮምፒዩተር ኤቢሲዲ ነው የሚያውቀው» ይላል። ሰዉ ይስቅለታል። እኔም ስቄለት ነበር።

አዲስ ኮምፒዩተር ተገዛና ሳምሶን ስማችንን ሁሉ ከአሮጌው ወደ አዲሱ አዛወረ። በማግሥቱ ጠዋት ስም ጠሪያችን ኢስማኤል ወረቀቱን ይዞ ወጣ። ትንሽ አነበበና ቆመ። ወረቀቱን ራቅ አደረገው፣ ቀረብ አደረገው።

«እዚህ ጋ ሰው የለም» አለ። «ጥያቄ ምልክት ነው ያለው።»

«ዝለለው!» አለው ከኋላ አንዱ። ዘለለው። እኔን ነው የዘለለው። ቀጥሎም ሌላውን ዘለለ፣ ሌላውን። መኪናው ተራገፈ፤ እኛ ቆመን አየን።

ሳምሶን ቢሮ ገባሁ። ሌሎቹ በር ላይ ቆሙ። ወንበሩ ላይ ተሳፍሯል፣ ሳምቡሳ እየበላ።

«ጀግናዬ! ግባ፣ ብላ!»

«አልበላም። ስሜ የት ሄደ?»

ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። ጥቁሩ መስኮት ተከፍቷል። በፈረንጅ ፊደል የተጻፉት ስሞች ተደርድረዋል፤ በመሀላቸው የጥያቄ ምልክት ብቻ የሆኑ መስመሮች አሉ።

«ይኸውልህ፤ አንተ የቱ ጋ አለህ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። አንተ ፈልገኝ።»

«የለህም ሙሜ። ይሄ ቆሻሻ ነው። ያቺ ልጅ ስትሠራ ያበላሸችው ነው። ቆይ፣ ላጽዳልህ።»

አንድ መስመር ጻፈ። በትንሿ ጣቱ መታ። እጁን አነሣ። ጥያቄ ምልክቶቹ በሙሉ ከስክሪኑ ጠፉ።

ከጠፉት አንዱ መስመር እኔ ነበርኩ። ያኔ አላወቅኩም። ስሜ ፊቴ ሲታረድ ቆሜ አየሁ፣ አይቼም «አመሰግናለሁ» አልኩት። እስከ ዛሬ የሚያቃጥለኝ እሱ ነው። ከበደሉ ሁሉ ይልቅ ያ ምስጋናዬ ያቃጥለኛል።

«አሁን ንጹሕ ሆነ» አለኝ። «እንደ አዲስ ተመዝገብ።»

«አዲስ አይደለሁማ! እዚህ ግቢ ነው ያረጀሁት!»

«የቀን ሠራተኛ ሆነህ ይሆናላ። አባል ብትሆን ኖሮ እዚህ ትገኝ ነበር። ኮምፒዩተር አይዋሽም ጀግናዬ፤ የሚዋሸው ሰው ነው።»

«እኔን ነው ውሸታም የምትለኝ?»

«እኔ አላልኩም፤ እሱ ነው ያለው» አለና ኮምፒዩተሩን ጠቆመኝ። ከዚያ ሳቀና ትከሻዬ ላይ ተደገፈ። «አትናደድ አቦ። ስምህ ጥያቄ ሆኖ ተገኘ እንጂ ምን ተደረግክ!»

በር ላይ የቆሙት ሰሙ። ከሰዓት በኋላ ግቢው በሙሉ «ወሪያ ጥያቄ!» ይለኝ ነበር። በሳምንቱ ስሙ ከእኔ ቀድሞ ታይዋን የሚባለው ገበያችን ደረሰ። ድሬ ቅጽል ስም ካወጣችልህ እስክትሞት አታወልቀውም።

ስማቸው የጠፋው ሌሎች እንደ አዲስ ተመዘገቡ። አልፈርድባቸውም፣ የሚያበሉት ቤተሰብ አላቸው። እኔ እምቢ አልኩ። ሐጂ ዩሱፍ ዘንድ ሄድኩ።

«አባል መሆንህን ልቤ ያውቃል» አለኝ። «ግን እኔ በልቤ ከመለስኩህ፣ ነገ ሁሉም በልብህ አስገባኝ ይለኛል። ሳሚ የለም ካለ ምን ላድርግ?»

«የሌሎቹስ ልብ? አብረውኝ የተሸከሙት?»

የሌሎቹን ልብ እኔ አውቀው ነበር። እኛ ስንወጣ ተራቸው ቀረበ። ተራው የቀረበ ሰው ያውቅልሃል፣ አይመሰክርልህም። እኔም ጋሪ መግፋት ጀመርኩ። ታይዋን ገበያ ውስጥ የሽንኩርት ጆንያ እየገፋሁ ሳልፍ የግቢው ሰዎች ያዩኛል። አንዳንዱ ፊቱን ያዞራል። ሳምሶን ግን አያዞርም ነበር። ከባጃጅ ላይ ሆኖ «ጀግናዬ!» ብሎ እጁን ያወዛውዝልኛል። ያ እጅ ሲወዛወዝ ጋሪውን በላዩ ላይ መልቀቅ ያምረኝ ነበር።

ሆዳንን ያገኘኋት እንዲሁ እቃ ሳደርስ ነው። መጋላ ውስጥ ኮምፒዩተርና ስልክ ትጠግናለች። ከጋሪው ጋር አየችኝና የያዘችውን ጣለች።

«አዴር ሙሜ? ጋሪ? ግቢውስ?»

ነገርኳት። ስሰማ የኖርኩትን «ያቺ ልጅ አበላሸችው» የሚለውንም ጨምሬ ነገርኳት፣ በቁጣ። አልተቆጣችም። ፊቷ ግን ተለወጠ።

«አጠፋው እንዴ?» አለች። «ጥያቄ ምልክቱን ፊትህ አጠፋው?»

«ቆሻሻ ነው ብሎ ጠረገው።»

«ቆሻሻ አልነበረም፤ ስምህ ነበር። ስሙ ኮምፒዩተሩ ውስጥ ደህና ተቀምጦ ነበር፤ ያላወቀው መስኮቱ ነው።» ወንበር ሰጠችኝ። «ስማኝ፤ ጥቁሩን መስኮት ስትከፍት በየትኛው ፊደል እንዲያነብልህ መንገር አለብህ። ካልነገርከው የሚያውቀው የፈረንጁን ብቻ ነው። የፈረንጅ ፊደል አንዱ አንድ ባይት ነው፤ የኛ ግን አንዱ ፊደል ሦስት ባይት ነው። እንዴት ልበልህ…»

«ባይት ምንድነው?»

«የፊደል ሸክም በለው። የፈረንጁን አንድ ሰው ያነሣዋል፤ የኛን ለሦስት ነው የሚነሣው።»

ገባኝ። ለሦስት የሚነሣ ጆንያ ለአንድ ሰው ብትሰጠው አያነሣውም። ጆንያው ግን ባዶ ስለሆነ አይደለም።

«መስኮቱ ማንሣት ሲያቅተው በያንዳንዱ ፊደል ቦታ ጥያቄ ምልክት ያደርግልሃል» አለችኝ። «አላወቅኩትም ማለቱ ነው እንጂ የለም ማለቱ አይደለም። ማንም ሰው በዚህ ሊሳሳት ይችላል። እኔም መጀመሪያ ሰሞን ተሳስቼ አውቃለሁ።»

«ስለዚህ ተሳስቶ ነው?»

ሆዳን ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች።

«ያን ሰሞን አጎቴ ነገረኝ፣ ወረቀቱ ላይ ጥያቄ ምልክት መጣ ብሎ» አለች። «አጎቴ አባላችሁ ነው፤ ታውቀዋለህ። ወዲያው ለሳሚ ደወልኩለት። ስሞቹ ደህና ናቸው፣ አሮጌው ኮምፒዩተር ላይም አሉ፣ አንድ መስመር ትእዛዝ ነው የሚያስፈልግህ ብዬ ትእዛዙን ጭምር ነገርኩት። እሺ እህቴ፣ አስተካክላለሁ አለኝ። አስተካክሏል ብዬ ተውኩት።»

እስከዚያች ሰዓት ሳምሶንን የምጠላው እንደ ሞኝ ቆጥሬው ነበር። ስህተት የሠራ ሞኝ ላይ ብዙ ቂም አይያዝም። ከዚያች ሰዓት ወዲህ ግን ያወቀ ሰው ነው። አውቆ ጋሪ ስገፋ አየኝ። አውቆ እጁን አወዛወዘልኝ።

ከሰዓት በኋላ ሐጂ ዩሱፍ ቤት ሄድን። የማኅበሩ ሽማግሌዎች እዚያ ይቅማሉ፣ የግቢው ነገርም እዚያ ይቆረጣል። ሳምሶን በመሀላቸው ተጋድሟል፤ ጫቱን ለሁሉም ያመጣው እሱ ነው። ሲያየኝ ቦታ ለቀቀልኝ።

«ጀግናዬ ሙሜ! ና፣ እዚህ ትራስ አለ!»

«ቁሜ ነው የምናገረው» አልኩ። ተናገርኩ። ሆዳንም ተናገረች። ሳምሶን እየሳቀ አዳመጠ።

«ሐጂዬ፣ ይህች ልጅ ሱቅ ከፍታ ገበያ ፍለጋ ነው» አለ። «የሞተ ስም አይነሣም።»

«አሮጌው ኮምፒዩተር የት አለ?» አለችው ሆዳን።

ሳቁ ቀነሰ። «መጋዘን ውስጥ ተጥሎ ይሆናላ።»

«አላጠፋኸውም?»

«ማን ጊዜ አለው!»

ስንፍናው አዳነኝ። ሐጂ ዩሱፍ ጉንጩ ያበጠ ቢሆንም ጆሮው አልተደፈነም። «ጠዋት ቢሮ እንገናኝ» አለ።

ጠዋት አሮጌውን ኮምፒዩተር ከሲሚንቶ ከረጢት ሥር አውጥተው አምጥተው አበሩት። በቢሮው መስኮት ላይ ጫኙ ሁሉ ተደርቧል። ሆዳን ጥቁሩን መስኮት ከፈተችና ስሞቹን ጠራች። ያው ጥያቄ ምልክት መጣ።

«ታዲያ አላልኳችሁም?» አለ ሳምሶን፤ ወደ ጫኞቹ ዞሮም ጠቀሰ። ሳቁለት።

ሆዳን አንዲት አጭር መስመር ጻፈች፤ ከዚያ ያንኑ ጥያቄ ደግማ ጠየቀችው።

የአማርኛ ፊደል መጣ።

ሐጂ ዩሱፍ ዓይኑን አጨነቆረ፣ አልታየውም። «ሙሜ፣ አንብብልኝ» አለኝ። አነበብኩለት። አብረውኝ የተዘለሉትን የእነ ታዬን፣ የእነ ጉሌን፣ የሁሉንም ስም አነበብኩ። የእኔ ጋ ስደርስ ጮክ ብዬ ሁለቴ አነበብኩት። በቁጣ ነው፤ ሌላ እንዳይመስላችሁ።

«ሳሚ» አለ ሐጂ ዩሱፍ፣ «ይህች ልጅ ደውላ ነግራህ ነበር?»

ሳምሶን ወንበሩን አቃንቶ ተቀመጠ። እንደ ሰው ሲቀመጥ ያየሁት ያን ቀን ነው።

«ነግራኝ ነበር» አለ። «አጥፍቼ ካበቃሁ በኋላ ነው የነገረችኝ። አጠፋሁ ብዬ ባምን ሥራዬን አጣለሁ ብዬ ፈራሁ።»

«እኔስ ምን ያጣሁ መሰለህ?» አልኩት።

ተነሥቶ ትከሻዬን ሊስም መጣ፤ ገፋሁት። ሽማግሌዎቹ ወዲያው ተነሡ። እኛ ዘንድ ልማዱ እንዲህ ነው፤ ጥፋተኛው ካመነ የተበደለው ወዲያው ይያዛል። «ይቅር በለው!» «ስለ ነቢዩ!» «ልጅ ነው!» «ያለፈ አለፈ!» ከበውኝ እጄን ጎተቱት። የተበደልኩ ጊዜ አንዳቸውም እጄን አልያዙም ነበር።

«ይቅር አልልም» አልኩ። «ካሣ ግን እጠይቃለሁ።»

«ተናገር» አለ ሐጂ ዩሱፍ።

«ያጠፋውን በእጁ ይጻፍ። በአማርኛ። ግቢ መሀል፣ ሰው ሁሉ እያየ። እያንዳንዱን ሰው ስምህ ማነው ብሎ ጠይቆ ይጻፍ።»

«አዴር» አለችኝ ሆዳን ቀስ ብላ፣ «እኔ ከአሮጌው ወደ አዲሱ አሁኑኑ አሻግረዋለሁ፣ ሻይ ሳይቀዘቅዝ።»

«አንቺ አላጠፋሽውም» አልኳት።

ሐጂ ዩሱፍ ጢሙን አሻሸ። «ፍርዱ ልክ ነው» አለ። ተራችንን ጭምር እንደ ጥንቱ እንድታስተካክል ሆዳንን ከሳምሶን ጎን እንድትቀመጥ አዘዛት።

በማግሥቱ ጠዋት ከግቢው ኒም ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ወጣ፣ ከቢሮው ገመድ ተሳበ፣ ኮምፒዩተሩ ተቀመጠ። መኪኖች ቆመው ይጠብቃሉ። ሹፌሮቹ ሳይቀሩ ወርደው ከበቡ። ሳምሶን የአማርኛ ፊደል ቁልፉ ላይ የት እንዳለ አያውቅም። እንደ ዶሮ አንድ አንድ እየለቀመ ይጽፋል።

መጀመሪያ ታዬ ቀረበ። «ስምህ ማነው?» አለው ሳምሶን፣ አንገቱን ደፍቶ።

«አልሰማሁም!»

«ስምህ ማነው?»

«ታዬ በላቸው ደስታ። ቀስ ብለህ ጻፍ፣ አልቸኩልም።»

ሳቅ ሆነ። ከታዬ ቀጥሎ የነበሩትም እንዲሁ እስከ አያት ተጻፉ። ከሁሉ በኋላ የቀረን ጉሌና እኔ ነን። እኔ መጨረሻ ልሁን ብዬ ለምኜ ነበር። ጉሌ ሶማሌ ነው፤ ወደ ጠረጴዛው ሲቀርብ በጆሮው አንድ ነገር ነገርኩት። ጥርሱን አሳየኝ።

«ስምህ ማነው?»

«ጉሌ ፋራህ ኢጋል ዋበሪ ሮብሌ ቡህ…»

«ቆይ፣ ቆይ! ስም እስከ አያት ነው።»

«ያንተ እስከ አያት ይሆናል። የእኔ ወገን አባቶቹን ይቆጥራል። ጻፍ!»

ሳምሶን ወደ ሐጂ ዩሱፍ አየ። ሐጂ ዩሱፍ ሰማይ ሰማይ አየ። ሳምሶን ጻፈ። የሶማሌ የአባት ቆጠራ መቼ ያልቃል! ጉሌ አንዱን አባት ሲጠራ ሰዉ «እሰይ!» ይላል። መሀል ላይ ኮምፒዩተሩ እምቢ አለ።

«ቦታው ሞላ» አለ ሳምሶን፤ ደስ ያለው መሰለ። «ከዚህ በላይ አይቀበልም።»

«የስሙን ቦታ አስፋው» አለችው ሆዳን ከጎኑ። «በጥቁሩ መስኮት ነው የሚሰፋው። ታውቅበታለህ።»

አሰፋው። ነጩ ሸሚዝ ጀርባው ላይ ተጣበቀ። ፀሐዩ የኒሙን ጥላ ጎትቶ ወሰደበት፤ ጠረጴዛውን እናንሣለት ያለ ሰው አልነበረም። አንድ ሰው ግን ውኃ አመጣለት፤ አህመድዬ ነው፣ እያነከሰ። ሁሉም እኔን አየ።

«ይጠጣ» አልኩ። «ከዚያ ይቀጥል።»

ጠጣና ጉሌን ጨረሰ። እኔ ቀረብኩ። ቀና ብሎ አየኝ፤ ዓይኑ ቀልቷል። «ሙሜ፣ እባክህ» አለኝ፣ ሰው እንዳይሰማ። ጀግናዬ አላለኝም።

«ጠይቀኝ» አልኩት።

«ስምህ ማነው?»

«ሙሜ ዑመር» አልኩት። ጻፈ። «ዑመር ሮባ» አልኩት። ጻፈ። ሮባ ጂሎ። ጂሎ ዋሬ። ዋሬ ጉቶ። አያቴ ፍየል እየጠበቅን እንዳስቆጠረኝ በተራ እየጠራሁለት ሄድኩ፤ እያንዳንዱን ጽፎ እስኪጨርስ ጠብቄ፣ ስክሪኑን አንብቤ፣ ቀጣዩን እሰጠዋለሁ። ሰዉ መሳቁን ትቶ ነበር። ኦሮሞዎቹ ከኋላዬ አብረውኝ መቁጠር ጀመሩ፤ የብዙዎቻችን አባቶች ወደ ላይ ሲቆጠሩ አንድ ናቸው።

ቆምኩ። ሳምሶን እጁን ቁልፉ ላይ እንዳደረገ ጠበቀኝ።

«አለቀ?» አለኝ።

«አላለቀም» አልኩት። «የቀሩትን ግን አንተ አትጽፋቸውም፤ የጻፍከውን ታጠፋለህ።»

ሆዳን ወረቀቱን አወጣችው። ሐጂ ዩሱፍ አስነበበው፤ ነባሮቹ መሀል ነኝ። ጉዳዩ የተዘጋው ሚያዝያ ፲፱ ቀን፣ ሰኞ፣ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው።